ሳይናይድ ለሚመዝን ሰው ወተት መድኃኒት አይደለም

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትንሽ የወርቅና የብር ቅብ ቤት እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ፖታሺየም ሳይናይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በሚዛን እመዝንና ውኃ ውስጥ አሟሟለሁ። ዱቄቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣልን፣ ምንም ጽሑፍ የለውም። የምመዝነው መስኮት አጠገብ ነው። ቬንትሌተር እከፍታለሁ፣ የሕክምና ማስክም አደርጋለሁ። አሠሪዬ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛልኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ራሴን ያመኛል፣ ልቤም በኃይል ይመታል። ነባሮቹ ‹ሰውነትህ ይለምደዋል፤ አደገኛ ሲሆን ደግሞ ሽታው ይነግርሃል› ይሉኛል። የትኛውን ማስክ ልግዛ? ወተቱስ በቂ ነው?»

ምላሽ፦

ነገ ጠዋት ያንን ላስቲክ አትክፈተው። ስለ ማስኩ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን በምትሠራበት ሁኔታ ግን የትኛውም ማስክ አያድንህም።

ራስ ምታትና የልብ ምት መጨመር ቀላል የሳይናይድ መመረዝ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ውስጥ ናቸው። ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ይችላል። ወርቅ ቤት ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ብረት ሲነካ የሚወጣው ቡናማ ጭስ አለ፣ የከሰል ጭስም አለ። ግን «የትኛው ይሆን?» እያልክ እየሠራህ የምትጠብቅበት ጉዳይ አይደለም። ሥራ ቦታ ስትሆን የሚያምህ፣ የእረፍት ቀን ደግሞ የሚተውህ ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ይህ ዱቄት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በደም ተጉዞ ወደ ሴሎቻችን ይገባል። እዚያ ኦክስጅኑን ተጠቅሞ ጉልበት የሚያመነጭ ኢንዛይም አለ፣ በውስጡም ብረት ይዟል። ሳይናይድ ሄዶ እዚያ ብረት ላይ ይጣበቅና ሥራውን ያስቆመዋል። ያኔ ደሙ በኦክስጅን ተሞልቶ ሴሉ ይታፈናል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የተመረዘ ሰው ቆዳም ሊቀላ ይችላል። «ፊቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይረፍ» ተብሎ የሚተው ሰው የሚሞተው ለዚህ ነው። ቶሎ ጉዳት የሚደርስባቸው ኦክስጅን በብዛት የሚፈልጉት አንጎልና ልብ ናቸው። ከሳይናይድ የሚወጣው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሳይናይድ፣ የሚጎዳው በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የተዋጠ ዱቄት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

ወተቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ በቂ አይደለም፣ ምንም አይሠራም። ወተት ሳይናይድን አያረክስም፣ ከደም አያወጣም፣ ሳንባ ውስጥ የገባውን አያጥብም። ይህ ልማድ በአገራችን በቀለም ቤቱም፣ በባትሪ ቤቱም፣ በሲሚንቶውም ሥራ ስር የሰደደ ነው። አሠሪህ በክፋት ያደርገዋል ብዬ አላስብም፣ ከልቡ ያምንበት ይሆናል። ጉዳቱ ግን ሁለታችሁም «ጥንቃቄ አድርገናል» ብላችሁ እንድትቀመጡ ማድረጉ ነው። የወተቱ ገንዘብ በዓመት ተደምሮ ጥሩ ጓንትና መነጽር ይገዛል። ወተቱን ከወደድከው ቤትህ ጠጣው። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ግን ወተትም ሆነ ውኃ አፍህ አይግባ።

«ሰውነት ይለምደዋል» የሚለው ከወተቱ ይብሳል። ጉበታችን ትንሽ ሳይናይድ ሲገባ ቲዮሳያኔት ወደሚባል ቀለል ያለ ነገር ለውጦ በሽንት የማስወጣት አቅም አለው። ይህ መልመድ አይደለም። አቅሙ ወሰን አለው፣ ዛሬ የተቋቋምከው መጠን ነገ ትንሽ ሲጨመርበት ሊጥልህ ይችላል። ደግሞ ያ ቲዮሳያኔት ራሱ ጣጣ አለው። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ ይሻማዋል። ለረጅም ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲገባ እንቅርት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 በግብፅ በሦስት የብረት ቅብ ፋብሪካዎች በሚሠሩ 36 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕጢያቸው አብጦ እንደነበር አሳይቷል። የእኛ ደጋ አገር ድሮም የአዮዲን እጥረት ያለበት ነው። ነባር ባልደረቦችህ «ምንም አልሆንም» ሲሉ አንገታቸውን ያስመረመረ ከመካከላቸው ስንቱ ነው?

ሽታውም አያስጠነቅቅህም። የመራራ ለውዝ ሽታ አለው ይባላል፣ እውነትም አለው። ነገር ግን ከአምስት ሰው አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱ፣ ይህን ሽታ በተፈጥሯቸው ማሽተት አይችሉም። የሚያሸትም ቢሆን አፍንጫው ቶሎ ይደነዝዛል። አሸተትከው ማለት ደግሞ ቀድሞውኑ ሳንባህ ገብቷል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ነገር ከተፈለገ ደረት ላይ የሚንጠለጠል የሃይድሮጅን ሳይናይድ ጋዝ መለኪያ አለ፣ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ይጮኻል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ በ15 ደቂቃ አማካይ፣ መታለፍ የለበትም የሚለው መጠን በሚሊዮን 4.7 እጅ ነው። በሚሊዮን 50 እጅ ሲደርስ ለሕይወት አስቸኳይ አደጋ ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስተውል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንተ የፈራኸው ብናኙን ይመስለኛል። ብናኙ አደገኛ ነው። ሰው በብዛት የሚጎዳው ግን በሌሎች ሁለት መንገዶች ነው፤ አንዱ ጋዙ ነው፣ ሌላው የገዛ እጁ ነው።

ጋዙ የሚመጣው ሳይናይድና አሲድ ሲገናኙ ነው። የቅብ ሥራ ደግሞ ያለ አሲድ አይሆንም። ብረቱ ወይም ብሩ ከመነከሩ በፊት በአሲድ ይጸዳል፣ ከዚያ ወደ ሳይናይዱ ገንዳ ይሄዳል። በመካከል በደንብ ካልታጠበ በእቃው ላይ የቀረው አሲድ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ሃይድሮጅን ሳይናይድ ይወጣል። ይህ ነገር በ26 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ወዲያው ጋዝ ሆኖ ይሰራጫል። ከአየር ትንሽ ስለሚቀል መሬት ላይ ተኝቶ አይቀርም፣ ክፍሉን ይሞላል። ለዚህ የሰልፈሪክ አሲድ በርሜል አያስፈልግም። በአሲድ የራሰ ጨርቅ፣ በአንድ ቱቦ የሚሄድ ፍሳሽ፣ አሲድ የነካ ማማሰያ ይበቃል። ክፍት የተተወ ዱቄት እንኳ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ ጥቂት በጥቂት ጋዝ ያወጣል። አሠሪህን አንድ ነገር ብቻ የምትጠይቀው ከሆነ ይህን ጠይቀው፦ የባትሪ አሲዱና ሳይናይዱ የሚቀመጡት በአንድ መደርደሪያ ነው ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ዛሬውኑ ይለያዩ። ጠርሙስ ቢሰበር ፈሳሹ የማይደርስበት፣ ደረቅ፣ የሚቆለፍ የተለየ ቦታ ይሁን። ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ። ምን ያህል እንደወጣ በግራም በመዝገብ ይጻፍ።

ሁለተኛው መንገድ እጅህ ነው። ስትመዝን ልብ ብለህ አስተውል። ማንኪያውን ላስቲኩ አፍ ላይ ታራግፈዋለህ። ከጫፉ የተረፈው ደቃቅ ዱቄት ሚዛኑ ጠርዝና ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ቬንትሌተሩ ደግሞ ያንን ወስዶ ወደ ፊትህ፣ ወደ ጸጉርህና ምሳ ዕቃህ ወደተቀመጠበት ጥግ ይበትነዋል። ነጭ ስለሆነ አይታይም፣ ላብ ያለበት ጣት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይሟሟል። በጥፍርህ ሥር የቀረው ከእንጀራው ጋር ይጎረሳል። ሆድህ ውስጥ አሲድ ስላለ ጋዙ እዚያው ይፈጠራል። በእጅ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ከማስኩ ይቀድማል። ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ማስቲካና ስልክ እዚያ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይግቡ። ከክፍሉ ስትወጣ እጅህን እስከ ክርንህ በሳሙና ታጠብ፣ ጥፍርህን አሳጥር። ቱታውም ቤት አይሂድ። እናትህ ወይም እህትህ ከሕፃን ልብስ ጋር ዘፍዝፈው እንዲያጥቡት አትስጣቸው።

አሁን ወደ ማስኩ እንምጣ። የሕክምና ማስክ ለዚህ ሥራ እንደሌለ ቁጠረው፣ በጎንና በጎን አየር ያስገባል። ለብናኝ የሚሆነው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ባለ ጎማ ማስክ ነው፣ ማጣሪያው በአውሮፓ አሰያየም ፒ 3 የሚባለው። ጢም ካለህ አይገጥምም፣ ተላጭ። ግን ልብ በል፣ የብናኝ ማጣሪያ ጋዝ አያስቆምም። ለጋዙ ግራጫ ቀለበት ያለው፣ ቢ ተብሎ የሚጠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱን ያጣመረ ይሸጣል። ይህም ቢሆን ለትንሽ መጠንና ለአጭር ጊዜ ነው። ጋዝ የሞላው ክፍል ውስጥ በማጣሪያ ማስክ የሚገባ ሰው ሕይወቱን አሲዞ ነው የሚገባው። ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ። አንተ ጋ ሌላው ሁሉ ገና አልተጀመረም።

ዱቄቱ የግድ ጥቅም ላይ የሚውል ከሆነ ቢያንስ እንዲህ ይሠራ። ጽሑፍ በሌለው ላስቲክ የመጣ ነገር አይገዛ። ሳይናይድ መሆኑን፣ ንጽሕናውን፣ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም። በፋብሪካ ታሽጎ፣ ስሙና የአደጋ ምልክቱ ተጽፎበት፣ ከደህንነት መረጃ ወረቀቱ ጋር ይምጣ። ከዱቄት ይልቅ ጠጠር ወይም እንክብል ይመረጥ፣ ብናኙ በእጅጉ ይቀንሳል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ አለመመዘን ነው። ለአንድ ገንዳ የሚበቃው አስቀድሞ ተመዝኖ የታሸገ ይገዛና ሙሉው ጥቅል አንድ ጊዜ ይሟሟል። ሚዛኑን ካስወገድክ ከብናኙ ትልቁን ድርሻ አስወግደሃል።

የምታሟሟው አየሩን ከአንተ ወደ ውጭ በሚስብ መሳቢያ ሥር ነው። ቬንትሌተር አየሩን ያዞራል እንጂ አያወጣም፤ ዱቄቱ ክፍት ሲሆን ይጥፋ። የናይትሪል ጓንት፣ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ ረጅም ጋዋን፣ የተዘጋ ጫማ ይኑርህ። ጓንቱ ከተቀደደ ወይም ውስጡ ከራሰ ወዲያው አውልቀህ ታጠብ፤ ሳይናይድ በቆዳም ይገባል፣ ቁስል ካለ ደግሞ በፍጥነት። ውኃው መጀመሪያ በጥቂት ኮስቲክ ሶዳ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ይደረግ፣ ከዚያ ሳይናይዱ በቀስታ ይጨመር። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ቁጥሩ፣ ከ11 በላይ ሲሆን ጋዙ በውኃው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ወደ 9 ሲወርድ ግማሽ ያህሉ ለመውጣት ዝግጁ ነው። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ገንዳውን በየቀኑ ለካ። ሌላው፣ ብቻህን አትሥራ። በር ላይ ሆኖ የሚያይህ፣ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ዱቄት ከፈሰሰ አትጥረገው፣ መጥረጊያ ያቦነዋል። ሰው ይውጣ፣ ቬንትሌተር ይጥፋ። ማስኩንና ጓንቱን ያደረገ ሰው ደረቁን በቀስታ አፍሶ ደረቅና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይክተት። የቀረው ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም እዚያው ይከተት። ብዙ ሰው በረኪና ይደፋበታል። በረኪና ሳይናይድን ማፍረስ የሚችለው ውኃው አልካሊ ሆኖ፣ በዝግታና በቁጥጥር ሲሠራ ነው። አለበለዚያ ሳያኖጅን ክሎራይድ የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አሲድ ካለበት ደግሞ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በረኪናውን ለሠለጠነ ሰው ተወው።

ያገለገለው ፈሳሽ ወደ ቱቦ አይደፋ። የሰፈርህ ቦይ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም አዋሽ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000 በሩማንያ ባያ ማሬ የወርቅ ማዕድን ግድብ ተደርምሶ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ሳይናይድ ያለበት ውኃ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓሣው እስከ ሃንጋሪ ድረስ አለቀ። ያንተ ገንዳ ትንሽ ነው፤ ወንዙ ዳር ሰላጣና ጎመን የሚያጠጣው ገበሬ ግን እዚያው ታች ነው ያለው። በእኛም አገር ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ፈሳሹ በተጻፈበት ጀሪካን፣ አልካሊ እንደሆነ፣ ከአሲድ ተለይቶ ተቀምጦ ፈቃድ ላለው ይሰጥ። ባዶው ዕቃም ለቆራሌ አይሸጥ። በማግስቱ የአንድ ቤት የውኃ መቅጃ ወይም የዘይት መያዣ ይሆናል። ብሱት፣ ምልክት አድርጉበት፣ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ የሚፈተነው የአዳኙ ትዕግሥት ነው። ጋዝ ያለበት ክፍል ውስጥ ዘሎ የሚገባ ሰው ሁለተኛው ሬሳ ይሆናል። በር ይከፈት፣ ሰውዬውን በደህና ማውጣት ከተቻለ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ካልተቻለ እሳትና አደጋ በ939 ይጠራ። አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጥ፣ መርዙ ወደ አንተ ይመጣል። ልቡ ከቆመ ደረቱን ተጫን። የተበከለ ልብሱን አውልቅ፣ ቆዳውንና ዓይኑን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ እጠብ። ከዋጠ አታስመልሰው፣ ወተትም አትስጠው። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውል የመጀመሪያው ቃልህ «ሳይናይድ» ይሁን። «ራሱን ስቷል» ብቻ ካልክ ሐኪሙ ሌላ ነገር ሲፈልግ ጊዜው ያልፋል።

መድኃኒት አለው። ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚባለው በደም ሥር ይሰጣል፣ ለአዋቂ የመጀመሪያው መጠን 5 ግራም ነው። ሶዲየም ናይትራይትና ሶዲየም ቲዮሰልፌትም አሉ። ሁሉም በሐኪም እጅ የሚሰጡ ናቸው። የቫይታሚን ቢ 12 ዘር መሆኑን ሰምቶ «እኛ ጋ ቢ 12 መርፌ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያ አያገለግልም። የተለመደው መርፌ ብዙውን ጊዜ ሳያኖኮባላሚን ነው። ቦታውን አስቀድሞ በሳይናይድ ስለያዘ ሌላ ሳይናይድ አይሸከምም። መጠኑም በአንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፣ 5 ግራም ማለት ደግሞ 5,000 ሚሊ ግራም ነው። አሠሪህ በዚህ ሳምንት ቅርባችሁ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ «እኛ በሳይናይድ እንሠራለን፣ መድኃኒቱ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የለንም ካሉ የትኛው ሆስፒታል እንዳለው ይወቅ። ያ መልስ እስኪገኝ ድረስ ዱቄቱ ሊከፈት አይገባም።

የእኔ ምክር ግን ከዚህ ሁሉ ያልፋል። እንደናንተ ባለ ትንሽ ቤት፣ የአየር መሳቢያ በሌለበት፣ የሳይናይድ ዱቄት ሊኖር አይገባም። ለወርቅ በሳይናይድ ፋንታ ሰልፋይት በሚባል ጨው የሚሠራ ገንዳ አለ። ለብር ያለ ሳይናይድ የሚሠሩ ዝግጁ ፈሳሾች ይሸጣሉ፣ ለመዳብ ፓይሮፎስፌት የሚባል ሌላ ጨው አለ። ዋጋቸው ይጨምራል፤ ገንዳው በቀላሉ ይበላሻል፣ ክትትል ይፈልጋል። አንዳንድ የብር ሥራ ላይ አጣባበቁ ወይም ድምቀቱ እንደ ሳይናይዱ ላይሆን ይችላል። ይህን አልደብቅህም። እነዚህ ካልተገኙ ቢያንስ ተሟሙቶ የመጣ ዝግጁ የቅብ ፈሳሽ ይገዛ። በእሱም ውስጥ ሳይናይድ ሊኖር ስለሚችል አሲድን ማራቁ፣ ጓንቱ፣ መሳቢያው ይቀጥላል። ፖታሺየም ጎልድ ሳይናይድ የሚባለው የወርቅ ጨውም ወርቅ አለበት ተብሎ መርዝነቱ አይቀርም።

አሠሪህን ስታነጋግር ከነባሮቹ አንዱን ይዘህ ሂድ፣ ክስ ሳይሆን ሐሳብ አድርገህ አቅርበው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን አደጋ ማሳወቅና የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ከወጪው ውስጥ አንድ ብርም ከኪስህ አይወጣም። ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ቅቡን ለጊዜው ተውና ሌላ ሥራ፣ ማለስለሱን ወይም ሽያጩን፣ እንዲሰጥህ ጠይቅ። እሱንም እምቢ ካለ ወደ ክፍለ ከተማህ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ። ሙያውን ይዘህ ሌላ ቤት ትቀጠራለህ።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቅረብ። «ፖታሺየም ሳይናይድ፣ የቅብ ሥራ» ብለህ በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ ስንት ወር እንደሠራህ፣ ራስ ምታቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚጀምርህ ጨምርበት። የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ሥራ ላይ ሆነህ ማዞር፣ የጉሮሮ መታፈን ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ከተሰማህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ከክፍሉ ወጥተህ በሰው ታጅበህ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።